ፈሪ ውሻ ይዞ መውጣት፦ ግርግር መሀል ወይስ ከሩቅ?
ውሻዬ ባጃጅ ሲያይ ያብዳል፣ ሌላ ውሻ ካየማ ገመዱን ሊበጥስ ነው። መጀመሪያ ሰው እንደመከረኝ ፒያሳ መሀል እየወሰድኩት "ይለምደዋል" ስል ነበር፣ አልለመደም፣ ጭራሽ ባሰበት፣ ምክንያቱም ውሻ አንዴ በጣም ከደነገጠ ስጋ ብትሰጡት እንኳን ብዙ ጊዜ አይበላም፣ ምን ሊማር ይችላል።

ከሩቅ መጀመሩ ነው የሚሻለው። ጠዋት 12 ሰዓት ሰው ሳይበዛ ወደ ቁስቋም እንወጣለን፣ ባጃጅ ከሩቅ ሲያይ፣ ገና ሳይጮህ፣ ትንሽ ቁራጭ ስጋ እሰጠዋለሁ፣ ባጃጁ ካለፈ ስጋውም ያበቃል። ተረጋግቶ ካያችሁት ቀስ በቀስ ርቀቱን መቀነስ ነው። ከጮኸ አትቆጡት፣ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ዞር ብላችሁ ራቁ። ጊዜ ይወስዳል እውነት ነው። አንገቱን ከሚያንቀው ማሰሪያ ደረቱ ላይ የሚታሰረው ይሻላል ደግሞ። ቅዳሜ ግን ገበያ ስለሆነ አላወጣውም፣ ግቢ ውስጥ እንጫወታለን።