ጅማ ውስጥ ስማርት ሰዓታችሁ ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ ካላችሁ፣ ይህን ልጅ ፈልጉት

ይህን የምጽፈው መርካቶ አካባቢ ትንሽ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለውን አንድ ወጣት ለማመስገን ነው። የአዲስ አበባውን ሳይሆን የኛኑ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፣ አከብርለታለሁ። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሥራውን ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። እንዲህ ተጠንቅቆ፣ እንዲህ እውነቱን ተናግሮ የሚሠራ ባለሙያ ሲገኝ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ጉዳዩ የአባቴ ሰዓት ነው። ወንድሜ ከውጭ የላከለት ሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ሞዴል። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ቤታችን በጅሬን በኩል ነው፣ ግቢው ሰፋ ይላል፣ ጓሮው ቡናና አቮካዶ ነው። አባቴ ቀኑን የሚውለው እዚያ ነው። ስልኩ ደግሞ ሳሎን ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ወንድሜ ጠዋት የላከለትን የልጆቹን ፎቶ አባቴ የሚያየው ማታ ነው። ወንድሜ ደግሞ መልስ ሲያጣ ይጨነቃል፣ ለእኔ ይደውላል፣ እኔም ሥራ ቦታ ሆኜ እጨነቃለሁ። ሰዓቱ የተላከው ለዚህ ነው። መልእክት ሲመጣ እጁ ላይ ነዘር እንዲያደርገው።

ሰዓቱ ከስልኩ ጋር በብሉቱዝ ተገናኝቷል። ብሉቱዝ ግን እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ የሚደርሰው 10 ሜትር አካባቢ ነው። መሀል ላይ ግድግዳ ካለ ከዚያም ያንሳል። አባቴ ከበረንዳው ወርዶ ቡናው ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ስለዚህ ሰዓቱ ራሱ የቤቱን ዋይፋይ መያዝ ነበረበት። ያ ነው እምቢ ያለን። የጎረቤቶቻችንን ዋይፋይ ስም ይደረድራል፣ የኛን ግን ጭራሽ አያሳይም።

መጀመሪያ የወሰድነው ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አልጠራም። ገና በእጃቸው እንደያዙት "የሰዓቱ ዋይፋይ ተቃጥሏል፣ ቦርድ መቀየር አለበት" አሉን። የጠሩት ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። አባቴም "ተዉት በቃ፣ ሰዓት ከነገረኝ ይበቃኛል" አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ናት እስቲ እሱ ጋ ውሰጂው ያለችኝ። ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት።

ልጁ ሰዓቱን ከመፍታት አልጀመረም። ለአባቴ ወንበር ሰጠውና "አባባ፣ ምን እንደሚያደርግ እስቲ ይንገሩኝ" አለው። አባቴ ሲያወራ ነገሩን ከሥሩ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። አላቋረጠውም። የጎረቤት ዋይፋይ ያሳያል ሲባል ግን ቀና አለ። "የጎረቤት ካየማ አልተቃጠለም" አለ። እኔ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ያመንኩት።

ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ሆትስፖት ከፈተ። መጀመሪያ ሆትስፖቱን 5 ጊጋኸርዝ ላይ አደረገውና ሰዓቱን ለአባቴ አሳየው። የሆትስፖቱ ስም የለም። ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀየረው። ስሙ ብቅ አለ። በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ ፓስወርዱን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጎ አስገባ። ተገናኘ። ሰዓቱን መልሶ አባቴ እጅ ላይ አሰረለትና "ሰዓትዎ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው ቤት ያለው ራውተር ላይ ነው" አለው። ለዚህ ሁሉ ሂሳብ አልጠየቀም። "ምን ሠራሁና?" ነው ያለኝ።

ነገሩን ያስረዳንም በሚገባን መንገድ ነው። የቤት ዋይፋይ በብዛት በሁለት ሞገድ ይሠራል፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። አምስቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። 2.4 ፍጥነቱ ዝቅ ይላል፣ ርቆ መሄዱ ላይ ግን ይሻላል። ቆየት ያሉ ስማርት ሰዓቶች ብዙዎቹ 2.4 ብቻ ናቸው የሚያውቁት። የአባቴም እንደዚያው ነው። አፕል ዎችም ቢሆን ሲሪስ 5 እና ከዚያ በፊት ያሉት 5 ጊጋኸርዝ አይዙም። ስልኮቻችን ሁለቱንም ስለሚይዙ ቤት ውስጥ ከሰዓቱ በቀር ማንም ችግር አልነበረበትም። ለዚህ ነው ሰዓቱ የተበላሸ የመሰለው።

እኛ እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ተማሪ ሰዓቷን ይዛ መጣች። ዋይፋይ እንዲያስገባላት ነው። አገላብጦ አየው፣ ሲቲንጉን ከፈተ፣ አሳያት። "እህቴ፣ ይሄ በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራ ነው፣ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም። ማንም ሊያስገባልሽ አይችልም፣ ገንዘብሽን እንዳትሰጪ" አላት። እውነት ነው፣ ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ሰዓቶች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ልጅቷ አመስግና ሄደች። ሳንቲም አልተቀበላትም።

ሱቁን ሲዘጋ በባጃጅ ቤት ድረስ መጣልን። ራውተራችን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቁም ሳጥኑ ሥር ተወሽቆ ነበር። ገልብጦ የተለጠፈበትን ወረቀት አነበበ። በስልኩ 192.168.1.1 ብሎ ወደ ራውተሩ ሲቲንግ ገባ። እንዳለውም ሆኖ ተገኘ። 2.4 ጊጋኸርዙ ጠፍቷል። ከዚህ በፊት ኢንተርኔቱን ያስተካከለልን ሰው ፍጥነት እንዲጨምር ብሎ ዘግቶት ኖሯል።

መልሶ ከፈተው። ለብቻው ስም ሰጠው፣ ሰዓቱ የትኛውን እንደሚይዝ እንዳንምታታ። የዋይፋዩን የፓስወርድ ጥበቃ ደብሊውፒኤ 2 በሚባለው ዓይነት ላይ አደረገው። አዲሱ ደብሊውፒኤ 3 ይሻላል፣ ነገር ግን ያረጁ ዕቃዎች አይቀበሉትም አለ። ቻናሉንም፣ ማለትም ዋይፋዩ በሞገዱ ውስጥ የሚሄድበትን መስመር፣ ራሱ መረጠ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ 6 ላይ ተጨናንቆ ስለነበር 11 ላይ አስቀመጠልን። ራውተሩ ራሱ ይምረጥ ብሎ ያልተወው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ 12 ወይም 13 ላይ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ዕቃ እነዚያን አያይም። ያኔ ደግሞ ሰዓቱ ተበላሸ ትላላችሁ" አለኝ። የኛን መብራት የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልቤን ነካው። ፓስወርድ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "አንቺ ጻፊው፣ የቤታችሁን ፓስወርድ እኔ ማወቅ የለብኝም። በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጊው፣ ሰዓቱ ላይ መጻፍ እንዳይቸግራችሁ" አለ። ጽፌ እስክጨርስ አልዞረም። ስንቶቻችን ስልካችንን ከነፓስወርዱ ለማናውቀው ሰው ሰጥተን እንሄዳለን! ይህ ልጅ ግን ማንም ሳይጠይቀው ነው የተጠነቀቀው።

ቀጥሎ ራውተሩን አነሳው። ግድግዳችን ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ ማዕድ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ብረት ዋይፋይን ክፉኛ ያግዳል። ስለዚህ ራውተሩን ወደ ጓሮ በሚያሳየው መስኮት በኩል፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የአባቴን ስልክ ሳሎን ትተን ወደ ጓሮ ወረድን። አባቴ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሰዓቱን እያዩ። ቡናው ጋ ይይዛል። አቮካዶው ጋ ይይዛል። አጥሩ ጋ ተቋረጠ። የዋይፋይ ማራዘሚያ ልግዛ ወይ ስለው "አባባ አጥሩ ጋ ብዙ ይቆማሉ?" ብሎ ጠየቀ። አባቴ አልቆምም አለ። "እንግዲያው አያስፈልግም" አለን። ሱቁ ውስጥ ማራዘሚያው ተደርድሮ አይቻለሁ፤ መሸጥ ይችል ነበር።

ዋይፋዩን መያዙ ብቻ አይበቃም ነበር። ሰዓቱና ስልኩ ተራርቀው እንዲነጋገሩ በስልኩ ላይ ባለው የሰዓቱ አፕ ውስጥ የርቀት ግንኙነቱን ከሳምሰንግ አካውንት ጋር ከፈተለት። ስልኩ ሳሎን ሆኖ ኢንተርኔት እስካለው ድረስ መልእክቱ ጓሮ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። ወዲያው ወንድሜን አንድ ነገር ላክ አልነው። አባቴ እጁን ቀና አድርጎ "መጣ! መጣ!" አለ።

አባቴ ወዲያው "ስልክም ላናግርበት እችላለሁ?" አለ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሱ ግን "አይ አባባ። ይሄኛው ሲም የሌለው ዓይነት ነው። ስልኩ አጠገብዎ ሲሆን በብሉቱዝ ያወሩበታል። ጓሮ ሲሆኑ መልእክት ይመጣልዎታል፣ ማውራት ግን ገብተው በስልኩ ነው" አለው። አባቴ ቅር አላለውም። የሚሆነውንና የማይሆነውን ስላወቀ አሁን አይናደድበትም።

ባትሪንም አልረሳም። ዋይፋይ ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ስልኩ አጠገብ ሲሆን ሰዓቱ በብሉቱዝ እንዲሠራ፣ ሲርቅ ብቻ ዋይፋዩን እንዲያበራ ተወው። ስልኩ አጠገባችሁ ሆኖ "ዋይፋይ አልተገናኘም" የሚል ብታዩ አትደንግጡ፣ አብዛኞቹ ሰዓቶች የተሠሩት እንደዚያ ነው። መሞከር ከፈለጋችሁ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉና እዩት።

ሊሄድ ሲል እናቴ ቡና ሳትጠጣ አትወጣም አለችው። እናቴ ኦሮምኛ ይቀላታል፣ ለእሷ ሁሉንም ነገር እንደገና በኦሮምኛ አስረዳት። ቡናው እስኪደርስ ደግሞ ራውተሩን ነቅሎ መልሶ ሰካው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ሳይነካ ተመልሶ መያዙን ሳያይ አልሄድም ብሎ ነው። ያዘ።

በዚያ መሀል አባቴ አንድ ቅሬታ አነሳ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚነግረው። እሱ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓትን 1 ሰዓት ብሎ ማንበብ አልወደደም። ልጁ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳይ ገጽታ መረጠለትና ሁለተኛውን ከተማ ቦነስ አይረስ አደረገው። እኔ አልገባኝም ነበር። የአርጀንቲና ሰዓት ከኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ የሚለየው በዚያው በ6 ሰዓት ነው። ስለዚህ በፈረንጅ ከቀኑ 1 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ የሚለው ልክ 7 ያሳያል። አባቴ ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው። ደስታውን ብታዩት! ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ አሁን ስለ አርጀንቲና ይሰማል።

የተቀበለኝ 300 ብር ነው፣ ባጃጁን ጨምሮ። ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ከቀናት በኋላም ደውሎ "አባባ እንዴት ናቸው? ይሠራል?" ብሎ ጠይቋል።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ነገር ልበል። ሆቴልና ካፌ ያለው፣ ገጽ ከፍቶ ስምና ፓስወርድ የሚያስሞላ ዋይፋይ ሰዓት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ገጹን የሚከፍትበት ብራውዘር የለውምና። ያንን ይዛችሁለት ብትሄዱ እሱም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። ሰዓቱን ከቻርጀሩ ጋር ያዙ፣ የተገናኘበትን ስልክም አብራችሁ ውሰዱ፣ የራውተራችሁን የጀርባ ወረቀት ፎቶ አንሡ። ግማሹን ሥራ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይጨርስላችኋል። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል፣ እሁድ አይሠራም። ቤት ድረስ የሚመጣው ሱቁን ከዘጋ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ቀድማችሁ ደውሉለት። ቁጥሩን በኢንቦክስ እልክላችኋለሁ።