የጋራ የኢሜይል ፎልደር ለጎንደር መሥሪያ ቤቶች፦ ዶቭኮት፣ ማይክሮሶፍት 365 ወይስ ጎግል ወርክስፔስ?

በጎንደር ሆቴሎች፣ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የግብረ ሰናይ ቢሮዎች አንድ የኢሜይል አድራሻ ሦስትና አራት ሠራተኞችን ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው። አሠራሩም በብዙዎቹ ዘንድ ተመሳሳይ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ለሁሉም ይነገርና ሁሉም በዚያው ይገባሉ። ጥምቀት ሲቃረብ አንድ የውጭ አገር አስጎብኚ ለጥር 10 እና 11 ስምንት ክፍል እንዲያዝለት ይጽፋል። የጠዋቷ እንግዳ ተቀባይ ዋጋ ጠቅሳ ትመልስለታለች፤ የማታው ባልደረባዋ ደግሞ መልስ መሰጠቱን ሳያውቅ ያንኑ ደብዳቤ ከፍቶ ሌላ ዋጋ ይልካል። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ይዞት ይሄዳል። የጋራ ፎልደር የሚባለው አሠራር ይህን ችግር ለማስቀረት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል እየገባ፣ ሁሉም አንድን የደብዳቤ ማኅደር በተሰጣቸው ፈቃድ ልክ ይጠቀማሉ።

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ ዋጋ ከመጠየቅ ይጀምራሉ። በእኔ እምነት ግን ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው፦ አንዱ ያነበበው ደብዳቤ ለሌላው እንደተነበበ ሆኖ ይታያል ወይ? በጋራው አድራሻ ስም መላክ የሚችለው ማን ነው፣ የተላከውስ ቅጂ የት ይቀመጣል? ፈቃዱ ለአንድ ፎልደር ብቻ ሊሰጥ ይችላል ወይስ ሙሉውን የመልእክት ሣጥን የግድ መክፈት ያስፈልጋል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘን ለአስተዳዳሪው ሰፊውን ነጻነት የሚሰጠው ዶቭኮት ነው። ዶቭኮት ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና ላይ የሚሠራና የሶፍትዌር ክፍያ የማይጠየቅበት የአይማፕ ሰርቨር ነው፤ አይማፕ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ከተለያዩ ኮምፒውተሮች እንዲነበብ የሚያስችል ደንብ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በፎልደር ደረጃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፈቃድ በአይማፕ ደንብ በአንድ ፊደል ይወከላል፤ ኤል (l) ፎልደሩ በዝርዝር ውስጥ እንዲታይ፣ አር (r) እንዲነበብ፣ ኤስ (s) የተነበበ ምልክት እንዲቀመጥ፣ አይ (i) ደብዳቤ እንዲጨመርበት፣ ቲ (t) እና ኢ (e) ደግሞ እንዲሰረዝና ጨርሶ እንዲወገድ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ለሒሳብ ሠራተኛዋ የክፍያ ደብዳቤዎችን ፎልደር ለማንበብ ብቻ፣ ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከነመሰረዙ መስጠት ይቻላል። የተነበበ ምልክትም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለየብቻው እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ለብቻው መዋቀር ያለበት ነገር በመሆኑ ከባለሙያው ጋር በሚፈረመው የሥራ ውል ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

የዶቭኮት ችግር ያለው በአወቃቀሩ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው። ማን ለማን ፎልደር እንዳጋራ የሚመዘገብበት መዝገብ ካልተዋቀረ፣ ፈቃዱ በትክክል ተሰጥቶ እንኳ ፎልደሩ በተቀባዩ ዝርዝር ውስጥ አይታይም፤ ሠራተኛውም «አልደረሰኝም» ይላል፣ ባለሙያውም ፈቃዱን ደጋግሞ እያየ ስሕተቱን አያገኘውም። መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላም ተጠቃሚው በተንደርበርድ (በኮምፒውተር ላይ ኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም) ውስጥ ለፎልደሩ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። ከዚህም በላይ ዶቭኮት ደብዳቤ የሚያስቀምጥና የሚያቀርብ እንጂ ወደ ውጭ የሚልክ አይደለም። ማን በየትኛው አድራሻ ስም መላክ እንደሚችል የሚወሰነው በሌላ ሶፍትዌር፣ በአብዛኛው በፖስትፊክስ ላይ ነው። የተላከውም ቅጂ በጋራው ፎልደር እንዲቀመጥ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ካልተስተካከለ፣ በላኪው የግል ፎልደር ውስጥ ይቀራል፤ ይህም ከላይ ያነሣነውን የሁለት ዋጋ ችግር መልሶ ያመጣዋል።

የራስን ሰርቨር ማስተዳደር የመላክ ኃላፊነትንም ይጨምራል። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጎግል ወደ ጂሜይል የሚልክ ማንኛውም ሰው ደብዳቤው በእርግጥ ከተጠቀሰው አድራሻ መምጣቱን በሚያረጋግጡት ዘዴዎች፣ ቢያንስ በኤስፒኤፍ (SPF) ወይም በዲኪም (DKIM)፣ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ይህን ያላሟላ ሰርቨር የሚልከው የዋጋ መግለጫ ከደንበኛው የአይፈለጌ መልእክት ፎልደር ውስጥ ሊገባ ወይም ጭራሹን ሊመለስ ይችላል።

ማይክሮሶፍት 365 ይህን ሁሉ ሸክም ከገዢው ላይ ያነሣል። የጋራ የመልእክት ሣጥን እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ የራሱ ላይሰንስ አያስፈልገውም፤ የሚከፈለው ለሚጠቀሙት ሠራተኞች ነው። ሙሉ ፈቃድ የተሰጠው ሠራተኛ የማይክሮሶፍትን የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክን ሲከፍት ሣጥኑ ራሱ መጥቶ ከግል ሣጥኑ ሥር ይታያል። የመክፈት፣ በሣጥኑ ስም የመላክና በሣጥኑ ወኪልነት የመላክ ፈቃዶች የተለያዩ ናቸው። የተነበበ ምልክቱ ግን የጋራ ነው፤ አንዱ የከፈተው ለሁሉም እንደተነበበ ይቆጠራል። ለትንሽ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ይህ እንዲያውም ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁሉንም ደብዳቤ ማንበብ በሚገባው ቢሮ ግን እንቅፋት ይሆናል። ሣጥኑን ያዘጋጀው ባለሙያ የተላከው ቅጂ በጋራው ሣጥን ውስጥም እንዲቀር ማድረጉን ገዢው ራሱ አንድ ደብዳቤ ልኮ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ማስተካከያ ካልተደረገ ቅጂው የሚቀረው በላኪው ዘንድ ብቻ ነው።

ጎግል ወርክስፔስን በተመለከተ፣ ጂሜይልን ሁሉም ሰው ስለለመደው ብዙዎች ያለ ጥያቄ ይመርጡታል። ሆኖም ጂሜይል ፎልደር ሳይሆን ሌብል (በደብዳቤው ላይ የሚለጠፍ የመለያ ምልክት) የሚጠቀም በመሆኑ አንድን ሌብል ለይቶ ለባልደረባ ማጋራት አይቻልም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ሙሉውን ሣጥን በውክልና መክፈት ሲሆን፣ ወኪሉ ሁሉንም ደብዳቤ ያያል፣ ይመልሳል፣ ይሰርዛልም። ሁለተኛው በጎግል ግሩፕስ የሚከፈተው የትብብር ሣጥን ነው፤ በዚህ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ለአንድ ሰው በስሙ ይመደባል፣ ሲያልቅም እንደተጠናቀቀ ምልክት ይደረግበታል። የድርብ መልስን ችግር ብቻ ለማስቀረት ከተፈለገ ከሦስቱ ይህ በቀጥታ መፍትሔ የሚሰጥ ነው። በየፎልደሩ የተለያየ ፈቃድ ለሚፈልግ ቢሮ ግን አይበቃም።

የእኛ ከተማ ሁኔታ በዚህ ምርጫ ላይ የራሱ ክብደት አለው። መብራት ይጠፋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ቁጥር ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ በር ላይ ይቆማል። የላኪው ሰርቨር በአብዛኛው ለቀናት ደጋግሞ ስለሚሞክር ደብዳቤው ወዲያው አይጠፋም፤ ክፍል የጠየቀው ደንበኛ ግን መልስ እስኪያገኝ አይጠብቅም። ስለዚህ ዶቭኮትን የመረጠ ቢሮ ሰርቨሩን መብራትና መስመር አስተማማኝ በሆነበት የመረጃ ማዕከል ቢከራይ እመክራለሁ። መስመር ሲቋረጥ የመጣውን ለማንበብና መልስ አዘጋጅቶ ለመጠበቅ ደግሞ ቅጂውን በኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጥ አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ ከብራውዘር ይሻላል።

ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ መሆኑ መታሰብ አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን ተሻግሯል። እንደ ማይክሮሶፍትና ጎግል በሰው ቁጥር የሚከፈል ኪራይ ሠራተኛ በጨመረ ቁጥር ያድጋል፤ የተከራዩት ሰርቨር ክፍያ ግን ለአምስትም ለሃያ አምስትም ሰው ብዙ አይለያይም።

በእነዚህ ምክንያቶች፣ ቋሚ የኮምፒውተር ባለሙያ ለሌለውና ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ላለው ሆቴል ወይም አስጎብኚ የማይክሮሶፍትን የጋራ ሣጥን እመርጣለሁ፤ ቀድሞ ጎግልን የሚከፍል ከሆነ ግን ወደ ሌላ ሳይዛወር የትብብር ሣጥኑን ይክፈት። ዶቭኮት የሚገባው ብዙ ክፍሎች፣ በየክፍሉ የተለያየ ፈቃድና ሰርቨሩን በየሳምንቱ የሚከታተል ባለሙያ ላለው ተቋም ነው። ከግዢው በፊትም ሁለት ሠራተኞች በየራሳቸው ኮምፒውተር ተቀምጠው፣ አንዱ ከጋራው ሣጥን መልስ ሲልክ ሌላው መልሱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲያየው ሻጩ በተግባር ያሳይ።