ወደ ሰመራ በኪራይ መኪና የምትወርዱ፣ የሰሌዳ ቁጥር ያልተጻፈበት ውል አትፈርሙ

ልጆቻችሁ ሰመራ ወይም ሎጊያ ሥራ የያዙላችሁ፣ ለበዓል ቤተሰብ ሰብስባችሁ በኪራይ መኪና ልትጠይቋቸው ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትክፈሉ። ስታዲየም አካባቢ ካሉት የመኪና አከራዮች በአንዱ የደረሰብን በደል በሌላ ቤተሰብ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ቢሮው ደጅ ላይ ያሳዩን ንጹሕ ላንድክሩዘር ነበር፤ ጎማው አዲስ፣ ማቀዝቀዣው ጣት የሚያደነዝዝ። ውሉ ላይ የሰፈረው ግን «አንድ የመስክ መኪና ከነሹፌሩ» የሚል ብቻ ነው። በጉዞው ዕለት ንጋት ላይ በራችን የቆመው ሌላ መኪና ሆነ፤ ያረጀ፣ የኋላ በሩ በገመድ የታሰረ፣ ሰሌዳው ደግሞ ኮድ 2፣ ማለትም የግል። ደወልን። «ያኛው ጋራዥ ገብቷል፣ ይህም ያው ነው፤ ከተዋችሁት ቀብዱ አይመለስም» አሉ። ጓዙ ተጭኗል፣ የባለቤቴ እናት ተሳፍረዋል፣ ልጆቹ እዚያ ደግሰው ይጠብቃሉ። አከራዮቹ ይህን ሰዓት አስልተው ነው የሚመጡት።

እስከ አዳማ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ የትኛውም መኪና ደህና ይመስላል። ሰመራ ግን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አዲስ አበባ ተነስቶ ከ500 ሜትር በታች የሚወርድ መንገድ ነው። አዋሽን አልፈን ወደ ገዋኔ ስንቃረብ ሹፌሩ ሞተሩ ጋለ ብሎ ማቀዝቀዣውን ዘጋው። በመስኮት የሚገባው አየር ከምጣድ ላይ እንደሚነሳ ወላፈን ፊት ይለበልባል። ለልጆቹ የያዝነው ቅቤ ቀልጦ ከክዳኑ ሥር እየተንጠባጠበ የበርበሬውን ፌስታል አራሰው። እሱስ ይሁን። አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት አይችልም። በረዶው ስላለቀ ገዋኔ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየገዛን ጠርሙሶቹን በመድኃኒቱ ዙሪያ ደረደርን። ከዚያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ሲወርድ ላስቲኩ ተልጦ ሽቦው ወጥቷል። አንድ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር ቆሞ ባይረዳን ኖሮ በዚያ በረሃ ላይ ይመሽብን ነበር። ስንመለስ ቢሮው ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ «ከተፈቀደው ኪሎ ሜትር አልፋችኋል» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀን። በቃል የነገሩን ገደብ የለም ብለው ነበር።

ስለዚህ የመኪናው ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የኪሎ ሜትሩ ጉዳይና ነዳጁን የሚችለው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን አሳዩን በሉ። ሰሌዳው ኮድ 3፣ ማለትም የንግድ ይሁን፤ ለግል አገልግሎት የተገባ ኢንሹራንስ መኪናው ለኪራይ ሲውል አደጋ ቢደርስ ካሳው ሊያጨቃጭቅ ይችላል። ማቀዝቀዣውን ቆማችሁ ሳይሆን እየነዳችሁ፣ ቢቻል ዳገት ላይ ሞክሩት። ስኮርታውንና ክሪኩን አስወርዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። «አታምኑንም እንዴ?» ብለው ቢያኮርፉ ግድ አይስጣችሁ፤ ሌላ አከራይ ሞልቷል።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህን ለመጠየቅ ግን የትኛው መኪና እንደተባለ ወረቀቱ መናገር አለበት። የሰሌዳ ቁጥሩን የማይጽፉትም ለዚሁ ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚል ሐረግ ውሉ ውስጥ ካለም ሳይሰረዝ አትፈርሙ፤ ለከፈላችሁትም ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ።

እኛ አቤቱታችንን ለንግድ ቢሮ አስገብተናል። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ውሉንና የመጣላችሁን መኪና ፎቶ ይዛችሁ እናንተም አመልክቱ።