የአርሊንግተኑ ዲስከቨሪ ትምህርት ቤት፦ ከፓናሉ በፊት ግድግዳው

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አርሊንግተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው ዲስከቨሪ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲነሳ ብዙዎች ቀድመው የሚጠቅሱት ጣሪያው ላይ የተዘረጉትን 1,706 የፀሐይ ፓናሎች ነው። በእኔ ግምት ግን የሕንፃው ትልቁ ብልሃት ዓይን ውስጥ የማይገባው ክፍሉ ነው። ንድፉን ያወጣው ቪ ኤም ዲ ኦ የተባለ የሥነ ሕንፃ ድርጅት በቅድሚያ የኃይል ፍላጎቱን አጥብቆ ቀነሰ፤ ፓናሎቹ የመጡት የቀረውን ፍጆታ ለመሸፈን ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ትምህርት ቤት ጣሪያውን በሙሉ በፓናል ቢያለብሰው እንኳ ለኤሌክትሪክ የሚከፍለውን ሒሳብ ማሸነፍ ይከብደዋል።

ግድግዳዎቹ ሙቀት በቀላሉ በማያሳልፉ ሁለት የፎም ንጣፎች መካከል ኮንክሪት ተሞልቶባቸው የተሠሩ ስለሆኑ የጥር ውርጭም ሆነ የሐምሌ ሙቀት በቀላሉ ወደ ክፍሎቹ አይዘልቅም። ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ደግሞ በጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ በተዘረጉ ቱቦዎች አማካይነት፣ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም የማይለዋወጠውን የከርሰ ምድር ሙቀት ይጠቀማል፤ በሙቀት ወራት ከክፍሎቹ የተሰበሰበውን ሙቀት ወደ መሬት ይሰዳል፣ በብርድ ወራት መልሶ ይስባል። መብራቱ በሙሉ ኤል ኢ ዲ ነው።

አያያዙንም ከንድፉ እኩል አደንቃለሁ። ተማሪዎች ሕንፃው ምን ያህል ኃይል እንዳመነጨና እንደተጠቀመ በስክሪን ይከታተላሉ፤ ጣሪያው ላይም የፀሐይ ኃይልን በተግባር የሚማሩበት ቤተ ሙከራ አላቸው። ቆጣሪውን ማንም የማያነብበት ሕንፃ የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢሠራ ፍጆታው ቀስ በቀስ እየጨመረ መሄዱ አይቀርም።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፦ እንዲህ ያለ ሕንፃ «ዜሮ ኢነርጂ»፣ ማለትም የሚጠቀመውን ያህል ኃይል ራሱ የሚያመነጭ፣ የሚባለው በዓመት ተሰልቶ ነው። ትምህርት በሚዘጋበትና ፀሐይዋ በምትበረታበት ወቅት የተረፈው ኃይል ወደ ከተማው የኤሌክትሪክ መስመር ይገባል፤ በጨለማና በደመናማ ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከዚያው መስመር ይወስዳል። በጠባብ ቦታ ላይ ወደ ላይ ለተሠራ ትምህርት ቤትም ይህ አካሄድ አይመቸውም፣ ለፓናሎቹ ሰፊ ጣሪያ ይፈልጋልና።

በአርሊንግተን አካባቢ ሆነው አገር ቤት ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ ለሚያዋጡ ወገኖች ሕንፃውን ሄደው እንዲያዩት አጥብቄ እመክራለሁ። ለአዲስ አበባ ዓይነት አየር ውድ የጉድጓድ ቁፋሮ አያስፈልግም፤ መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ ጥላ ማበጀትና አየር እንዲዘዋወር ማድረግ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ፓናሉ የሚገዛው ከዚያ በኋላ፣ በተለካ ፍጆታ መጠን ነው።