ህልምን አውቆ ማለም፦ በቀን ልምምድ ወይስ በሌሊት መንቃት?

ህልም እያየ «ይሄ እኮ ህልም ነው» ማለት ለሚፈልግ ጀማሪ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ልማዱ በህልምም እንዲመጣ ቀን ቀን «አሁን ህልም ላይ ነኝ ወይ?» እያሉ ራስን መፈተሽ፣ ሌላው ሌሊት ነቅቶ መልሶ መተኛት።

የቀኑ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ከጣና ዳር ስሄድ አፍንጫዬን ይዤ ለመተንፈስ እሞክራለሁ፤ በህልም ከሆነ አየሩ ይገባል። የሱቅ ታፔላ አንብቤ ዞር እልና ደግሜ አነባለሁ፤ በህልም ፊደሉ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። እንቅልፍ አይነካም። ግን ከልብ ሳይጠራጠሩ እንዲሁ በዘልማድ ካደረጉት ዋጋ የለውም።

የሌሊቱ ይከብዳል፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ህልም የሚበዛበት እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ወደ ንጋት ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ተኝቼ ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ ያየሁትን ደብተር ላይ እጽፍና «ቀጥሎ ሳልም፣ ማለሜን አስታውሳለሁ» እያልኩ እተኛለሁ። ይህን ለራስ የመንገር ዘዴ የቀመረው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቴፈን ላበርጅ ነው።

አንድ ሌሊት የደንገል ታንኳ ላይ ነበርኩ። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩት፤ ሳወጣው ደረቅ ነው። ያኔ ገባኝ! ከደስታዬ ብዛት ወዲያው ነቃሁ። አሁን እንዲህ ሲያጋጥመኝ እዚያው ህልሙ ውስጥ መዳፎቼን አሻሻለሁ፤ ህልሙ ትንሽ ይቆይልኛል።

ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው የሌሊቱን ቅዳሜ ለእሑድ ብቻ ይሞክረው። አንዴ ከነቃ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ግን በቀኑ ይጽና።