«5 ፐርሰንት ካሽባክ» ብላችሁ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ ነው፤ በተለይ ደግሞ በቅርቡ መጥታችሁ የመጀመሪያ ክሬዲት ካርዳችሁን ለምታወጡ። ጉዳዩ በየሦስት ወሩ ምድብ እየቀያየረ 5 ፐርሰንት ካሽባክ፣ ማለትም ካወጣችሁት ገንዘብ ላይ ተመላሽ፣ የሚሰጠው ካርድ ነው። አንዴ ግሮሰሪ፣ አንዴ ጋዝ (የመኪና ነዳጅ)፣ አንዴ ሬስቶራንት እያለ የሚዞረው። ካርዱ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ በደንብ የያዘው ሰው ይጠቀምበታል። እኔ ግን ባለፈው ፋሲካ ካሽባክ አገኛለሁ ብዬ 48 ዶላር ተቀጥቼበታለሁ። እናንተ እንዳትቀጡ ነው የምነግራችሁ።

ለእማዬ የበዓል 600 ዶላር መላክ ነበረብኝ። ሁልጊዜ የምልከው ከራሴ ሂሳብ በቀጥታ ከሚቆርጠው ዴቢት ካርዴ ነው። ያን ቀን ግን የገንዘብ መላኪያው አፕ ክሬዲት ካርድም እንደሚቀበል አየሁ። እግረ መንገዴን ካሽባክ ባገኝበትስ አልኩና በክሬዲት ካርዱ ላክሁ። እማዬም ገንዘቡ በሰዓቱ ደረሳት፤ ደስ አለኝ።

ስቴትመንቱ (የካርዱ ወርሃዊ የሂሳብ መግለጫ) ሲመጣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው መስመር አለው። «ካሽ አድቫንስ» ይላል። ከሥሩ የ30 ዶላር ክፍያ አለ። ለካ ባንኩ ገንዘብ መላኩን እንደ ዕቃ ግዢ አልቆጠረውም። ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደተበደርኩ ነው የያዘው። ለዚህ ደግሞ ከገንዘቡ 5 ፐርሰንት ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያስከፍላል። ወለዱም ለብቻው ነው፤ በዓመት 30 ፐርሰንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለግዢ የሚሰጠው ከወለድ ነፃ ጊዜ እዚህ የለም። ከላክሁበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። እስክከፍለው 38 ቀን ሆኖት ስለነበር 18 ዶላር ተጨመረበት። ካሽባኩ ደግሞ ዜሮ ነው። ካሽ አድቫንስ ካሽባክ አያስገኝም።

የባንኩን ስም የማልጠራው የአንድ ባንክ ነገር ስላልሆነ ነው። ይህ ደንብ በአብዛኞቹ ካርዶች ውል ላይ ተጽፎ ይገኛል። የትኛው መላኪያ እንደ ግዢ፣ የትኛው እንደ ካሽ አድቫንስ እንደሚያልፍ ከውጭ ሆናችሁ ማወቅ አትችሉም። ስለዚህ ገንዘብ ወደ አገር ቤት በክሬዲት ካርድ አትላኩ።

አሁን ወደ 5 ፐርሰንቱ እንምጣ። በሰፊው ከሚታወቁት ውስጥ ቼዝ ፍሪደም ፍሌክስና ዲስከቨር ኢት ካሽባክ ይገኛሉ። ሁለቱም 5 ፐርሰንቱን የሚሰጡት በሦስት ወር ውስጥ በምድቡ ለምታወጡት የመጀመሪያ 1,500 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ 1 ፐርሰንት ይሆናል። ጣሪያው በሦስት ወር 75 ዶላር ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል በሁሉም ነገር ላይ 2 ፐርሰንት የሚሰጡ፣ ምንም ክትትል የማይፈልጉ ካርዶች አሉ። በእነሱ ያው 1,500 ዶላር 30 ዶላር ያመጣል። የምንደክምለት ልዩነት 45 ዶላር ነው፤ በወር 15 ዶላር። አይናቅም፣ ለቤት ይጠቅማል። ግን «5 ፐርሰንት አለው» ተብሎ ሳይታሰብ የተገዛ አንድ ዕቃ ብቻ ያጠፋዋል።

ካርድ ላይ ዕዳ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። 24 ፐርሰንት ወለድ ባለው ካርድ ላይ 2,000 ዶላር ዕዳ ካደረ በወር ወደ 40 ዶላር ወለድ ይበላል። በሦስት ወር 120 ዶላር ገደማ ነው። ካሽባኩ ግን ቢሞላ ቢሞላ 75 ነው። ሌላም አለ። ባላንሱን፣ ማለትም ካርዱ ላይ ያለባችሁን፣ ሙሉ በሙሉ ሳትከፍሉ ስትቀሩ ከወለድ ነፃ የነበረው ጊዜ ይቀራል። ዛሬ የገዛችሁት ዳቦ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሚኒመሙን (በየወሩ የግድ የሚከፈለውን ትንሹን መጠን) እስከከፈልኩ ድረስ ችግር የለም ብሎ የሚያስብ ስንት ሰው አለ! እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኮችን አንድ ነገር ያስገድዳል። ሚኒመም ብቻ ብትከፍሉ ዕዳው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስቴትመንቱ ላይ እንዲጽፉ። ያን ሳጥን ፈልጋችሁ እዩት። ዕዳ ካለባችሁ መጀመሪያ ዕዳውን ክፈሉ፤ ካሽባኩ ይቆይ።

ምድቡ የሚቀየረው በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። በየጊዜውም ራሳችሁ አፑ ወይም ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ አክቲቬት ማድረግ፣ ማለትም 5 ፐርሰንቱን ማስጀመር አለባችሁ። ካላደረጋችሁ 1 ፐርሰንት ብቻ ነው የምታገኙት። ዕቁብ ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል። ዕጣ ወጥቶላችሁ ብትጠፉ ሰብሳቢው ደውሎ ይፈልጋችኋል። ባንኩ ግን ኢሜይል ልኮ ዝም ይላል፤ ኢሜይሉም ከማስታወቂያ መሐል ይጠፋል። አንዳንዱ ባንክ ዘግይታችሁ አክቲቬት ብታደርጉም ከሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያስብላችኋል። አንዳንዱ ግን ካደረጋችሁበት ቀን ወዲህ ብቻ ነው። አራቱን ቀኖች ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉባቸው።

የግሮሰሪው ሦስት ወር ሲመጣ ደግሞ ለእኛ ሰው የተለየ ችግር አለ። ባንኩ የገዛችሁትን ዕቃ አያይም። የሚያየው ለሱቁ የተሰጠውን ባለ አራት አኃዝ ኮድ ነው። 5411 ከሆነ ግሮሰሪ ነው፤ 5812 ከሆነ ሬስቶራንት። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ፊት ለፊት እንጀራና በርበሬ እየሸጡ ከኋላ ክትፎና ጥብስ የሚያቀርቡ የሐበሻ ሱቆች አሉ። ኮዳቸው የትኛው እንደሆነ በር ላይ አይጻፍም። እኔ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ቡናውን የምገዛበት ሱቅ እንደ ሬስቶራንት ነው የሚመዘገበው። ሦስት ወር ሙሉ 5 ፐርሰንት መስሎኝ 1 ፐርሰንት ሳገኝ ነበር። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ነገር ገዝታችሁ አፑ ላይ በየትኛው ምድብ እንደገባ ብታዩ ይሻላል። ሱቁ ለካርድ 3 ፐርሰንት የሚጨምር ከሆነማ በካሽ ክፈሉ። 1 ፐርሰንት ለማግኘት 3 መክፈል ኪሳራ ነው።

ዋልማርትና ታርጌትም ብዙ ጊዜ ከግሮሰሪው ምድብ ውጭ ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ተጽፏል። ኮስትኮ አሜሪካ ውስጥ ባሉት መደብሮቹ ከክሬዲት ካርድ የሚቀበለው ቪዛን ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ካርዶች ቪዛ ስላልሆኑ እዚያ አይሠሩም።

ኡበርና ታክሲ ለምትነዱ የጋዙ ሦስት ወር በእርግጥ ይጠቅማችኋል። እናንተ 1,500 ዶላሩን የምትሞሉት ሳትገደዱ፣ በሥራችሁ ነው። ብቻ ለካሽና ለክሬዲት የተለያየ ዋጋ የሚለጥፉ ጣቢያዎች ስላሉ ሰሌዳውን ሳታዩ አትቅዱ። ምድቡ የማትጠቀሙበት ነገር ከሆነ ደግሞ ያንን ሦስት ወር ካርዱን ቤት አስቀምጡት።

የ30 ዶላሩን ነገር ባንኩ ጋ ደውዬ ለመንኩ፤ አልመለሱልኝም። ግን እናንተም ከደረሰባችሁ ደውሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን የሚመልሱ አሉ። ከዚያ የካሽ አድቫንስ ጣሪያዬን ዝቅ አድርጉልኝ አልኳቸው፤ ያን ግን አደረጉልኝ። እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው፣ ብዙዎቻችሁም ትልካላችሁ። «ላክ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት አፑ የትኛውን ካርድ አስቀድሞ እንደመረጠ እዩ። የእኔ አፕ መጨረሻ የተጠቀምኩበትን ካርድ ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ ክሬዲት ካርዱን ከውስጡ አጠፋሁት፤ አሁን ያለው ዴቢቱ ብቻ ነው።