ስፕሬ፣ ብሩሽ ወይስ ጋራዥ? ለአሮጌ ዕቃ የትኛው ያዋጣል

የጎረቤቴ እናት ነጠላቸውን ከገመድ አውርደው ወደ ፀሐይ እያነሱ "ልጄ፣ ይሄን ጥለት ማን ጨመረልኝ?" አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ነጩ ነጠላ ላይ ወርቃማ ብናኝ ተነስንሷል። እኔ ከገመዱ አራት ሜትር ያህል ርቄ፣ ግቢው ጥግ ላይ፣ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ያመጣሁትን የመስታወት ፍሬም ወርቃማ የስፕሬ ቀለም እየነፋሁ ነበር። ነፋስ የለም ብዬ። ነጠላውን በአዲስ ተካሁ። ከፍሬሙም ከስፕሬውም የበለጠ ያስወጣኝ እሱ ነው።

ንጽጽሩን ከዚሁ ብጀምር ይሻላል። ብሩሽ ቀለሙን እናንተ ያላችሁት ቦታ ያስቀምጣል። ስፕሬ ግን ከፊሉን ለዕቃው፣ ከፊሉን ለአየሩ፣ ቀን ከጣላችሁ ደግሞ ለጎረቤት ያካፍላል።

አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ቤቱን ማሳመር ለሚፈልግ ሰው መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ስፕሬ ነው። ሌላው የጣሳ ዘይት ቀለም በብሩሽ። ሦስተኛው ዕቃውን ተሸክሞ የመኪና ቀለም ቀቢ ጋ መሄድና በኮምፕሬሰር ማስነፋት። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ፣ በሦስቱም ከስሬያለሁ። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም፤ እዚህ የጻፍኩት ቁጥር እናንተ ሶማሌ ተራ እስክትደርሱ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ስሌቱ ግን ያው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የተለመደው ስፕሬ 400 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በአንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀባ፣ አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ እጅ ደግሞ መቼም አይበቃም። በሁለት እጅ አንድ ካሬ ሜትር በደንብ ከሸፈነላችሁ አመስግኑ። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሄዳል፣ በሁለት እጅ 5 ወይም 6። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የአንድ ስፕሬን ዋጋ ከአንድ ሊትር ጣሳ ዋጋ ጋር አታስተያዩ። የ5 ስፕሬ ዋጋ ነው ከጣሳው ጎን የሚቆመው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ አንድ ስፕሬ ርካሽ መስሎት ይገዛል፣ ወንበሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል፣ ተመልሶ ሲሄድ ያው ቀለም የለም፣ "ይሄም ያው ነው" ብለው ሌላ ይሰጡታል፣ ቤት ሲደርስ ወንበሩ ሁለት ዓይነት ቡና መልክ ይሆናል። በጣሳው በኩል ደግሞ ብሩሹንና ቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ መደመር እንዳትረሱ። እነሱን ጨምራችሁም ለሰፊ ዕቃ ጣሳው ይረክሳል።

ታዲያ ስፕሬ ለምን ይገዛል?

ለቀዳዳ። የቀርከሃ ወንበር አስቡ፣ ወይም ብረቱ እየተጠማዘዘ የተሠራ የአበባ ማስቀመጫ፣ ወይም የድሮ የልብስ ስፌት መኪና እግር። የስፌት መኪናውን እግር በብሩሽ ለመቀባት ሞክሬ አንድ ሙሉ እሑድ አጥፍቻለሁ። በአንድ በኩል ስቀባ በሌላው ይወርዳል፣ ሲደርቅ እንባ መስሎ ይቀራል፣ ውስጠኛው ጥምዝ ደግሞ ጭራሽ ብሩሽ አይገባበትም። ሁለተኛውን እግር ሳገኝ በስፕሬ ነፋሁት። ከብርጭቆ ወረቀቱ ሥራ በኋላ ንፊያው ራሱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አሁን ላዩ ላይ ሰሌዳ ጣውላ አድርጌበት የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ሆኗል፣ የሚያየው ሁሉ የት ገዛሽው ይለኛል።

ነገሩ ሲጀመርም ለብረት የታሰበ ነው። ኤድዋርድ ሲይሞር የሚባል በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የቀለም ነጋዴ የነበረ ሰው በ1949 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያውን የስፕሬ ቀለም ሲሠራ፣ ነፍቶ ያሳየው ቤት ማሞቂያ ብረቶች ላይ የሚቀባውን የአሉሚኒየም ቀለም ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ደግሞ ሚስቱ ናት። ጥምዝምዝ ብረት በብሩሽ መቀባት የሰለቸው ሰው ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ለሰፊና ለጥ ላለ እንጨት ግን ስፕሬ አትግዙ። ቁም ሳጥን፣ መደርደሪያ፣ የድሮ ኮመዲኖ፣ የጠረጴዛ ገጽ። ስፕሬው ባንድ በኩል ወፍሮ በሌላ በኩል ይሳሳል፣ መብራት ስታበሩ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። እንደዚህ ላለው የዘይት ቀለምና ጥሩ ብሩሽ ይበቃል። ርካሽ ብሩሽ ጸጉሩን ቀለሙ ውስጥ እየተወ ስለሚያናድድ እሱ ላይ አትቆጥቡ። የዘይት ቀለም ሁለት ነውር አለው። አንዱ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው፤ ስፕሬ በሩብ ሰዓት እጅ ላይ አይነካም፣ ዘይት ቀለም ግን ሁለተኛውን እጅ ለመድገም ማግስቱን ይጠብቃል፣ እስከዚያ የግቢው አቧራና ዝንብ ሁሉ ይለጠፍበታል። ሌላው ነጩ ነው። ብርሃን የማያገኝ ክፍል ውስጥ ነጭ የዘይት ቀለም ውሎ አድሮ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። የገዛችሁት ዕቃ ዋንዛ ከሆነ አትቀቡት። ስፕሬም፣ ዘይትም። በብርጭቆ ወረቀት አሮጌውን ቨርኒሽ ገፋችሁ አዲስ ቨርኒሽ ስጡት፣ በቃ። ባለፈው አንድ ሰው ቤት የዋንዛ ኮመዲኖ ብርማ ተነፍቶ አየሁ፣ ምሳዬን አልጨረስኩም።

ፕላስቲክ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ወይም የአበባ ዕቃ ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጡትና ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን እዩ። ውስጡ 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር ካለው ቀለም የማይይዝ ዓይነት ነው። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራውን ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መያዣ፣ ካላስቀደማችሁለት በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። "ስፕሬ ይላጣል" የሚባለው ወሬ ባብዛኛው የመጣው ከዚህና ቅባቱ ሳይታጠብ ከተቀባ ዕቃ ነው። ከሰው ኩሽና የወጣ ነገር ሁሉ በላርጎና በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ይለፍበት። ለብረት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ ቁጥር 120 አድርጉ፣ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም አንድ እጅ ስጡ። ይህን የዘለለ ሰው የቱንም ቀለም ቢገዛ ለውጥ የለውም።

አሮጌ በርና መስኮት የምታነሱ ደግሞ፣ ፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው እንዳነሳው፣ የድሮውን ቀለም ደረቁን አትፋቁ። በቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳያልፍ በመንግሥት ደንብ የተወሰነው በቅርቡ ነው፣ የድሮው ቀለም ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። እያረጠባችሁ ፍቁት፣ ልጆችን አርቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ ጣሉ።

አሁን ወደ ጋራዡ። የመኪና ቀለም ቀቢ የነፋው ዕቃ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ቀለሙ ይጠነክራል፣ ገጹ እንደ ሊሾ ይለሰልሳል፣ የፈለጋችሁትን መልክ ቀላቅለው ያወጡላችኋል። ግን አንድ ፍሬም ይዛችሁ ብትሄዱ ፊት አይሰጧችሁም፤ መኪና ቆሞ እየጠበቃቸው ነው። አራት አምስት ዕቃ አጠራቅማችሁ ከሄዳችሁ ነው የሚያዋጣው። የብርጭቆ ወረቀቱንም ራሳችሁ ጨርሳችሁ ሂዱ፣ ዋጋው ይወርዳል። ቀለሙን ደግሞ ዓይናችሁ እያየ አስመርጡ። እኔ አራት የብረት ወንበር አንድ ጋራዥ ጥዬ "ሰማያዊ ይሁንልኝ" ብቻ ብዬ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ መኪና ተቀብቶ በተረፈ ቀለም ነፍተው ሰጡኝ። ቁጭ የሚኒባስ ታክሲ ሰማያዊ። ረዳት ብቻ ነው የጎደላቸው።

ስፕሬ ለመግዛት ከወሰናችሁ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ያለው ኳስ ጥርት ብሎ መንኳኳት አለበት። ኳሱ ካልተንቀሳቀሰ ቀለሙ ሥሩ ላይ ደርቋል ማለት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብትወዘውዙትም አይመለስም። ሁለት ሦስቱን በእጃችሁ መዝኑ፣ የቀለለውን መልሱ። ክዳኑን ከፍታችሁ አፉን እዩ፤ ቀለም ከነካው ሌላ ሰው ሞክሮታል። ወርቃማና ብርማ ስትገዙ ደግሞ ክዳኑ ላይ ያለውን መልክ አትመኑ፣ ካርቶን ቁራጭ ላይ ያስነፋችሁ። ባለሱቁ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ወርቃማ ላይ ማብረቂያ (መልክ የሌለው መሸፈኛ) እንድትደርቡ ከመከሯችሁም እንቢ በሉ፤ ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ወርቃማው ለሚሰቀል እንጂ ለሚዳሰስ ዕቃ አይሆንም። መሳቢያ እጀታ ወርቃማ ብታደርጉ ወርቁ ጣታችሁ ላይ ነው የሚቀረው።

ወቅቱም ግዢያችሁን ይወስናል። ሐምሌና ነሐሴ ስፕሬ አትግዙ። አየሩ ሲረጥብ ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይወጣበታል፣ በተለይ ጥቁሩ ላይ ያስጠላል። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ነፍቼ እገላገላለሁ ማለትም አይቻልም። ጋዙ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ከሰል ምድጃ፣ ሻማ፣ የሚጤስ ዕጣን ባለበት አካባቢ እንዳታስቡት። የጨርቅ ማስክ ብናኙን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ሽታውን አያግድም። ለመንፋት ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፣ ጠዋት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ገደማ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ፀሐዩም ሳይበረታ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ስፕሬውን ያሰንፈዋል፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቁሙት። እሳት አጠገብ እንዳታደርጉት፣ ይፈነዳል።

ሲነፋ ከዕቃው 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ፣ እጃችሁን ሳታቆሙ አሳልፉ፣ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ። ስትጨርሱ ገልብጣችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ተጫኑት፣ አፉ ሳይደፈን ለሌላ ቀን ይቆያል። ሌላ ምስጢር የለውም። በዘይት ቀለም በቅርቡ በተቀባ ዕቃ ላይ ግን ስፕሬ አትንፉ፣ ሥሩ ያለው ቀለም ይሸበሸብና ሁለቱም ይበላሻሉ።

ዕቃውን ከየት? ምን አለሽ ተራ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ግን መከራከር የማይችል ሰው አስጎብኚ ይዞ ይሂድ። እኔ አሁን አሁን የምወደው ቁራሌውን ነው። ከሰዓት በኋላ ሸክሙን ሞልቶ ወደ መርካቶ ሲመለስ ጠብቃችሁ ጥሩት። ገና ተራ ሳይገባና ዋጋ ሳይጨመርበት ታገኙታላችሁ፣ እሱም ሸክሙ ይቀልለታል።

ነጠላቸውን ያበላሸሁባቸው እማማ ሰሞኑን በሬን አንኳኩ። ያረጀ የእንጨት ረከቦት ይዘዋል፣ ቀለሙ ሲኒ በሚቀመጥበት በኩል ሄዷል። እኔም ያለኝን ዕውቀት ሁሉ ዘረገፍኩ። ገጹ ለጥ ያለ እንጨት ነው፣ ትኩስ ቡና ይፈስበታል፣ በየቀኑ በጨርቅ ይወለወላል፣ ስለዚህ ቡናማ የዘይት ቀለም ገዝቼ በብሩሽ ሁለት እጅ ልስጥዎት አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ልጄ፣ የነጠላዬን ወርቅ ነው የምፈልገው" አሉ።

ተደራደርን። ላዩ ዘይት ቀለም ሆነ፣ እግሮቹ ወርቅ። ልነፋ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት የልብስ ገመዱን ነው። እሳቸው ቀድመውኝ ሁሉንም አውርደዋል።